ያሳክከኛል ብላችሁ ያገኛችሁትን ቅባት ከመቀባታችሁ በፊት

ጅማ ላይ ክረምት ፋርማሲ መሥራት ማለት ቀኑን ሙሉ ስለ ማሳከክ ማውራት ማለት ነው። ዝናቡ አንዴ ከጀመረ አያቆምም፣ ልብስ 3 ቀን ገመድ ላይ ውሎ ስታወርዱት አሁንም ይረጥባል፣ ካልሲ ሳይደርቅ ይደረጋል፣ ቤተሰብ ሁሉ ብርዱን ሸሽቶ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ከዛ መስኮታችን ጋ ይመጣና "እህቴ የሚያሳክክ ቅባት ስጪኝ" ይላል። የሚያሳክክማ የለኝም የሚያሽል ነው ያለኝ እያልኩ አንዳንዴ እቀልዳለሁ፣ ሲስቁ ወሬ ይከፈታል፣ ወሬ ከተከፈተ ደሞ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያሳዩኛል። እኔ የምፈልገው እሱን ነው፣ ሳላይ የምሸጠው ቅባት አንዱን ሰው ሲያድን ሌላውን ያባብሳልና።

ስለዚ ቤታችሁ ሆናችሁ ራሳችሁን ወይ ልጃችሁን እንድታዩ ሁሌ የምጠይቀውን ልንገራችሁ። ማታ ይብሳል ወይ? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያክ ሰው አለ ወይ? የቱ ጋ ነው? ከዚ በፊት ምን ተቀባህበት? ይቺ አራተኛዋ ሰው የሚዋሸኝ ጥያቄ ናት። ማታ የሚብስ ከሆነና ሌላም የሚያክ ካለ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እከክ ነው። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሀሉ ደሞ እየጠራ የሚሄድ ከሆነ ጭርት ነው። ማር የደረቀበት የመሰለ ቅርፊት ካለው ባክቴሪያ ገብቶበታል። ጭራሽ የማያሳክክ፣ ነጣ ያለ፣ ስትነኩት የማይሰማ ከሆነ ግን ከኔ ጋር ጉዳይ የላችሁም፣ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳው፣ ስልክ ላይ ፈልጋችሁ የምታዩት ፎቶ አብዛኛው የፈረንጅ ቆዳ ነው። "ቀይ ሽፍታ" ይላል፣ እናንተ ቀይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ፣ እኛ ቆዳ ላይ ግን ያው ነገር ጠቆር ያለ ቡኒ ወይ ግራጫ ወይ ወይን ጠጅ ሆኖ ነው የሚታየው፣ አንዳንዴ ጭራሽ የቀለም ለውጥ የለውም፣ በእጅ ሲዳሰስ ነው የሚታወቀው። ስለዚ በቀለም ሳይሆን ያለበትን ቦታ፣ ጠርዙን፣ ሙቀቱን፣ ሸካራነቱን እያያችሁ ለዩ። የሚቻል ከሆነ ቀን ላይ በር ጋ ወጥታችሁ እዩ፣ በአምፖል የታየ ቆዳ ያታልላል።

እከክ

እከክ ነው ስል ብዙ ሰው እንደተሰደበ ነው የሚያየኝ። "እኔ እኮ ንፁህ ሰው ነኝ" ይሉኛል፣ እናት ከሆነች ደሞ ዓይኗ እንባ ያቀራል። እኔንም ተማሪ እያለሁ ዶርም ውስጥ ይዞኝ ነበር፣ ያውም በየቀኑ የምታጠብ ሰው። 6 ሴቶች ነበርን በተደራራቢ አልጋ፣ አፍሬ ለብቻዬ ቢቢኤል የሚባለውን የእከክ መድኃኒት ገዝቼ መብራት ሲጠፋ ተደብቄ ተቀባሁ፣ ሽታው እንደማይደበቅ የት አውቄ! ሻል ሲለኝ ዳንኩ ብዬ ደስ አለኝ፣ በወሩ ተመለሰ። እንደገና ገዛሁ፣ እንደገና ተመለሰ። ለካ ሌሎቹም ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ነበር የሚያኩት። አንድ ማታ አንዷ አላስችላት ሲል ጮክ ብላ ተናገረች፣ ሁላችንም እስኪያመን ሳቅን፣ በማግስቱ ገንዘብ አዋጥተን ገዝተን ስድስታችንም በአንድ ምሽት ተቀባን፣ ጠፋ። ከዛ ወዲህ ፋርማሲ ውስጥ "ለስንት ሰው ልስጥሽ?" ሳልል አልሸጥም።

ነገሩ እንዲ ነው። እከክ የምታመጣው በዓይን አይታይም የምትባል አይነት ሚጢጢ ተባይ ናት፣ ሴቷ የላይኛውን ቆዳ ሰርስራ ትገባና መንገድ እየቆፈረች በቀን 2 ወይ 3 እንቁላል ትጥላለች። አንድ ሰው ላይ በአማካይ ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው፣ ብዙ አይደሉም፣ እንቅልፍ የሚነሳው ማሳከክ ሰውነታችን ለተባይዋና ለኩሷ የሚሰጠው አለርጂ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ደሞ ማሳከኩ እስኪጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ግን ለሌላው ያስተላልፋል። "ባሌን አያሳክከውም እሱ ይቅር" የምትሉኝ ለዚ ነው የማልሰማችሁ።

የት ጋ ትፈልጉታላችሁ፣ የእጅ ጣት መሀል፣ የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ ብብት፣ እምብርት ዙሪያና ቀበቶ የሚያርፍበት፣ ቂጥ፣ ሴቶች ላይ ጡት ጫፍ ዙሪያ፣ ወንዶች ላይ ብልት ላይ (እዚ ጋ እከክ ማሰብ ቀርቶ ሌላ በሽታ መስሏቸው የሚጨነቁ ልጆች ብዙ ናቸው)። ሕፃናት ላይ መዳፍ፣ የእግር ውስጥና ጭንቅላትም ላይ ይወጣል፣ አዋቂ ላይ ግን ፊትና ራስ ላይ እምብዛም የለም። ከተጠራጠራችሁ አንዲት ዘዴ አለች፣ ጣት መሀል ያለችው ቀጭን መስመር ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ቀባ አድርጉና ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቀለሙ ከላይ ይለቅና በመንገዷ ውስጥ የገባው ጠማማ ክር መስሎ ይቀራል። ሁሌ አይሠራም ግን ሲሠራ ያምራል።

ሕክምናው። እኛ ጋ በብዛት የሚገኘው ቢቢኤል ነው፣ 25 ፐርሰንቱ ፈሳሽ። ማታ ሰውነታችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ደረቅ በሉ፣ ቆዳችሁ ከሙቅ ውሃው ይቀዝቅዝ፣ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁ፣ ከዛ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ድረስ ሽፍታ ባለበት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ቦታ ተቀቡ፣ ጣት መሀል፣ ጥፍር ስር፣ ቂጥ መሀል፣ እምብርት ውስጥ። ጀርባችሁን ሰው ይቀባችሁ። 24 ሰዓት ይቆይና ታጥባችሁ ትደግማላችሁ፣ በተከታታይ 3 ምሽት። መሀል ላይ እጃችሁን ከታጠባችሁ እጃችሁን ድገሙት፣ የሚረሳው እሱ ነው፣ ተባይዋ ደሞ የምትወደው እዛው ነው። የታከከ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ ይታወቅ። ከ2 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ እኩል ንፁህ ውሃ ጨምራችሁ አቅጥኑት። ከ2 ዓመት በታች ላለና ለነፍሰ ጡር ግን እኔ ቢቢኤል ሳልሰጥ የሰልፈር ቅባት ነው የምመርጠው፣ ለልጅ 5 ለአዋቂ 10 ፐርሰንት፣ እሱም 3 ምሽት፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል ልብስም ያበላሻል ግን ቆዳ ላይ ለስላሳ ነው። ፐርሜትሪን 5 ፐርሰንት ክሬም ከተገኘና ኪስ ከፈቀደ ከሁሉም እሱ ይቀላል፣ ማታ ተቀብቶ ጠዋት መታጠብ፣ ከሳምንት በኋላ አንዴ መድገም፣ ከ2 ወር በላይ ላለ ሕፃንም ለነፍሰ ጡርም ይሆናል፣ ግን ለአንድ አዋቂ ሙሉ ሰውነት ወደ 30 ግራም ይፈልጋል፣ አንዲት ትንሽ ቱቦ ገዝታችሁ ለአራት ሰው ብታካፍሏት ማንንም አታድንም።

በዛው ምሽት የለበሳችሁት፣ አንሶላው፣ ፎጣው፣ ብርድ ልብሱ ሁሉ ይወርድ። የሚታጠበውን በፈላ ውሃ እጠቡና ፀሐይ ካለች ፀሐይ (ክረምት ላይ ይሄን ስል እንደምትስቁ አውቃለሁ)፣ ከሌለች በካውያ ተኩሱት። የማይታጠበውን ጃኬት ምናምን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ለሳምንት አስቀምጡት፣ ተባይዋ ከሰው ከተለየች ከ2 ከ3 ቀን በላይ አትኖርም፣ እኔ ሳምንት የምለው ለልብ ማረፊያ ነው። ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት መርጨት ፍራሽ ማቃጠል ምናምን አያስፈልግም። ሰው ደሞ ሁሌ ሒርማታ ገበያ የገዛሁት ሳልቫጅ ነው ያመጣብኝ ይላል፣ ሳልቫጅ ቦንዳ ውስጥ ስንት ሳምንት ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ እዛ ውስጥ የምትተርፍ የእከክ ተባይ የለችም። አጥባችሁ ልበሱ፣ ግን እከኩን ያመጣችሁት አብሯችሁ ከተኛ ሰው ነው። በርጫ ላይ ጎን ለጎን መቀመጥና ሰላምታ መጨባበጥም ብዙ አያሰጋም፣ ረዘም ያለ የቆዳ ለቆዳ ንክኪ ነው የሚፈልገው። ቡና ለቀማ ላይ ጥቅምት ኅዳር ሠራተኛ አንድ ጎጆ ውስጥ ተደራርቦ ሲያድር የሚዛመተውም ለዚ ነው።

ከታከማችሁ በኋላ ማሳከኩ 2 ሳምንት አንዳንዴም እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ይሄን ካልነገርኩ በ5ኛው ቀን ተመልሰው መጥተው "መድኃኒትሽ አይሠራም" ይሉኛል፣ ወይ ቤታቸው በየቀኑ ቢቢኤል እየተቀቡ ቆዳቸውን ያነዱታል። ተባይዋ ሞታ እንኳን ሬሳዋ ቆዳ ውስጥ ስላለ ነው። ለማታው ማሳከክ የአለርጂ ኪኒን፣ ለድርቀቱ ቫዝሊን፣ በቃ። ከ4 ሳምንት በኋላም ከቀጠለ ወይ አዲስ መስመር ከወጣ ግን ቤት ውስጥ ያልተቀባ ሰው ሳይኖር አይቀርም፣ አፋጥጡ።

አይቨርሜክቲን የሚባል ኪኒንም አለ፣ በኪሎ ነው የሚሰላው፣ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ባለ 3 ሚሊግራሙ 4 ፍሬ ነው የሚሆነው፣ ከ1 ወይ ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል ምክንያቱም እንቁላሉን አይገድልም። ከ15 ኪሎ በታች ላለ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ጅማ ዙሪያ ገጠር ያላችሁ ይሄን ኪኒን ታውቁታላችሁ፣ የጤና ኤክስቴንሽኖቹ ቁመት በዱላ እየለኩ ኦንኮ ለሚባለው በሽታ የሚያድሉት ነው። እና "ባለፈው ውጬዋለሁ እንዴት እከክ ይዘኛል?" ለምትሉ፣ አንዴ የተዋጠ አይበቃውም። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ኦንኮ ራሱ ክፉኛ ያሳክካል፣ ከጥቁሯ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ ነው፣ ዝንቧ የምትራባው ፈጥኖ በሚወርድ ወንዝ ዳር ነው። ወንዝ ዳር የምትኖሩ ሆናችሁ ለወራት የሚያሳክክ፣ ቆዳችሁ እየወፈረ እየተሸበሸበ የሄደ ከሆነ ቢቢኤል ላይ ገንዘብ አትጨርሱ፣ ተመርመሩ።

ጭርት፣ ቆረቆር፣ ቋቁቻ

እዚ ጋ ኑዛዜ አለብኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ አንገቱ ላይ አንዲት ክብ ነገር ወጥታበት እናትየው አመጣችልኝ፣ እኔም አለርጂ ነው ብዬ ቤታሜታዞን ሰጠኋት። በሳምንቱ ማሳከኩ ቆመ፣ ክቧም ደበዘዘች፣ እናትየው መርቃኝ ሄደች። በወሩ ስታመጣው ከአንገቱ ወርዶ ደረቱን የአገር ካርታ አስመስሎታል። ጭርት ነበር። እንደዚ አይነት ቅባቶች (ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ሃይድሮኮርቲዞን) ስቴሮይድ ናቸው፣ የቆዳውን ቁጣ ዝም ያሰኛሉ እንጂ ፈንገሱን አይነኩም፣ እንዲያውም ቆዳው መከላከሉን ሲያቆም ፈንገሱ እንደልቡ ይስፋፋል፣ ጠርዙም ስለሚጠፋ በኋላ የሚያየው ሐኪም ራሱ ይቸገራል። ፊት ላይ ለማቅላት የሚቀቡትም ሰዎች ያው ነው፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉር ይወጣል፣ ሲያቆሙት ደሞ ያቃጥላል። ሦስት መድኃኒት በአንድ የተቀላቀለበት "ለሁሉም ይሆናል" የሚባለው ቱቦም ውስጡ ስቴሮይድ አለው። ጀርባውን አንብቡ፣ ካልገባችሁ ጠይቁ።

ጭርት ሰውነት ላይ ከሆነ ክሎትሪማዞል 1 ፐርሰንት ወይ ዋይትፊልድ ቅባት ይበቃዋል። ዋይትፊልድ ርካሽ ነው፣ ትንሽ ያቃጥላል፣ ፊትና ብሽሽት ላይ አይሁን። በቀን 2 ጊዜ፣ ከክቡ ጠርዝ አንድ ሁለት ጣት ያህል ወጣ አድርጋችሁ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ሲጠፋ አቁሙ አላልኩም፣ ከጠፋ በኋላም 1 ሳምንት ቀጥሉ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው፣ በ5ኛው ቀን ሲደበዝዝለት ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። እግር ጣት መሀል የሚላጠውና የሚሸተውም የዚው ዘመድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቦቲ ወይ ኮንጎ ጫማ የሚያደርግ ሰው አያጣውም፣ ቅባቱ ያው ነው ግን ከታጠቡ በኋላ ጣት መሀልን በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ካልተለመደ ትርጉም የለውም።

ቆረቆር፣ ማለትም ልጆች ራስ ላይ ፀጉሩን እየቆረጠ እየላጠ አመድ የመሰለ ነገር የሚያወጣው፣ በቅባት አይድንም። ፈንገሱ የፀጉሩ ስር ውስጥ ስለሆነ ቅባቱ አይደርስበትም። ስንት እናት ለወራት ክሎትሪማዞል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ ስትቀባ ከርማ ነው የምትመጣው። የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚፈልገው፣ ግሪሲዮፉልቪን፣ በልጁ ኪሎ ተሰልቶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ወተት ወይ ቅቤ ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ነው ሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገባው። ሐኪም አይቶ ይዘዘው። አንዳንዴ ራሱ ላይ አብጦ መግል የሚይዝ ለስላሳ እብጠት ይሆናል፣ ብጉንጅ መስሏችሁ እንዳታስበጡት፣ እሱም ቆረቆር ነው፣ ከዘገየ ፀጉሩ እዛ ጋ ተመልሶ አይበቅልም። ወንድም እህቶቹን ጭንቅላት እዩ፣ ማበጠሪያና ኮፍያ ለየብቻ ይሁን። ፀጉር ቤት ደሞ ቶንዶሱን ከናንተ በፊት ከነበረው ሰው ወደ ልጃችሁ ሲያዞረው ዝም አትበሉ፣ "ወንድሜ አንዴ ፀጉሩን አራግፈህ በአልኮል ጥረግልኝ" ማለት ነውር አይደለም፣ ያኮረፈ ፀጉር አስተካካይ እስካሁን አላየሁም።

ቋቁቻ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ደረት ጀርባ አንገት ላይ ነጣ ወይ ቡኒ ያለ ነጠብጣብ ነው፣ በጥፍር ፋቅ ስታደርጉት ደቃቅ ቅርፊት ይወጣዋል፣ አይተላለፍም፣ ሁላችንም ቆዳ ላይ ያለ እርሾ ነገር ላብና እርጥበት ሲያገኝ በዝቶ ነው። ኬቶኮናዞል ሻምፑ ቦታው ላይ ቀብታችሁ 5 ደቂቃ አቆይታችሁ ታጠቡት፣ ለ5 ቀን። እርሾው ይሞታል፣ ቀለሙ ግን ለመመለስ ወራት ይፈጃል፣ አልዳነም ብላችሁ አትደጋግሙ። ለምጽ መስሏቸው የሚያለቅሱ ልጃገረዶች አጋጥመውኛል። ለምጽ ቅርፊት የለውም፣ ነጭነቱም ሙሉ በሙሉ ነው።

መግል የያዘ ነገር

የልጆች አፍንጫና አፍ ዙሪያ ላይ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ ማር የመሰለ ቅርፊት የሚሠራው ባክቴሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜ እከክ ወይ የነፍሳት ንክሻ በታከከበት ላይ ነው የሚመጣው። ቅርፊቱን በሞቀ ውሃና ሳሙና አርሱና ሲለሰልስ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ አትላጡት። ጥቂት ቦታ ብቻ ከሆነ ሙፒሮሲን ወይ ፊውሲዲክ አሲድ ቅባት በቀን 3 ጊዜ ለ5 ቀን ገደማ፣ ጥፍሩን ቁረጡለት፣ ፎጣው የብቻው ይሁን። በብዙ ቦታ ከሆነ ወይ ካተኮሰው የሚዋጥ ክሎክሳሲሊን አይነት ነገር ያስፈልገዋል፣ ያ ደሞ በሐኪም ትእዛዝ ነው። የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈታችሁ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ መነስነስ ግን በእግዜር ተዉት። ዱቄቱ ከቅርፊቱ ጋር ይጋገርና ስር ያለው መግል መውጫ ያጣል፣ በዛ ላይ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል። ከዳነ በኋላም ሁለት ሦስት ሳምንት ልጁን አስተውሉት፣ ጠዋት ፊቱ ወይ የዓይኑ ቆብ ካበጠ፣ ሽንቱ ኮካ ከመሰለ፣ ባክቴሪያው ኩላሊቱን አስቆጥቶታል ማለት ነውና በዛው ቀን ሆስፒታል።

ብጉንጅ ሞቅ ባለ ውሃ በተነከረ ንፁህ ጨርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቀን 3 አራት ጊዜ ያዙት፣ ራሱ ይበስላል ራሱ ይፈነዳል። አትጭመቁት፣ በተለይ ከአፍንጫ እስከ ላይኛው ከንፈር ያለውን፣ የዛ ቦታ ደም ሥር ወደ አንጎል አቅጣጫ የሚሄድ ነው። ብጉንጅ የሚመላለስባችሁ ከሆነ ስኳራችሁን ተለኩ፣ ስኳር እንዳለባቸው በዚ የታወቀላቸው ሰዎች አሉ።

እግር ወይ ክንድ በአንድ ጊዜ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ካብለጨለጨ፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ ከሞቀና ሲነካ ካመመ ይሄ የቅባት ጉዳይ አይደለም። የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምሩና ቶሎ ሂዱ፣ እዛ እስክትደርሱና እስክትታዩ መስመሩን ካለፈ ሐኪሙ ከዛ ብቻ ብዙ ይረዳል።

ሙጀሌና ቅማል

ሙጀሌ አፈር ወለል ቤት ውስጥና ከብት በሚያድርበት አካባቢ ያለች ቁንጫ ናት፣ ሴቷ ጥፍር ስር ወይ ተረከዝ ውስጥ ገብታ እንቁላል እየሞላች ታብጣለች፣ መሀሉ ጥቁር ነጥብ ያለበት ነጭ እብጠት። እሾህ ወይ የቤት መርፌ እየተቀባበሉ ማውጣት ልማዳችን ነው፣ እኔ የምፈራው እሱን ነው፣ በአንድ መርፌ ስንት በሽታ ይተላለፋል፣ ቁስሉም ለመንጋጋ ቆልፍ በር ነው። ግድ ከሆነ መርፌው የአንድ ሰው ይሁን፣ አፍሉት፣ እግሩን በሳሙና ዘፍዝፉ፣ ሳትፈነዳ ሙሉዋን ለማውጣት ሞክሩ፣ ከዛ ቁስሉን አጥባችሁ አዮዲን አድርጉበት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ካልተከተባችሁ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ። ጫማና ውሃ እየተረጨ የሚጠረግ ወለል ካለ ደሞ ሙጀሌ ራሷ እምብዛም አትመጣም።

የራስ ቅማል ከሆነ ፀጉሩን አርጥባችሁ ቅባት ወይ ኮንዲሽነር ነገር አድርጋችሁ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ከስር እስከ ጫፍ፣ በ2 ቀን አንዴ ለ2 ሳምንት። ፐርሜትሪን 1 ፐርሰንት ከተጠቀማችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ድገሙት፣ ቅጫሙ ይፈለፈላልና። ጋዝና ማላታይን ራስ ላይ አታፍስሱ፣ እሳት አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ራስ ላይ ጋዝ! የልብስ ቅማል ሌላ ነው፣ የሚኖረው ሰውየው ላይ ሳይሆን ስፌቱ ውስጥ ነው፣ ልብሱን ቀቅሎ ስፌቱን በካውያ መተኮስ ነው መድኃኒቱ። ችላ አትበሉት፣ ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያስተላልፈው እሱ ነው።

ሌሎች ማታለያዎችም አሉ። ከንፈር ላይ ምች ወጣ ብላችሁ ዳማከሴ ብታሹ እኔ አልጣላችሁም፣ በራሱም ይድናል። በአንድ ጎን ብቻ ጎድን ላይ ወይ ፊት ላይ እንደ ቀበቶ ተሰልፎ ውሃ የቋጠረ፣ ከማሳከክ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን አልማዝ ባለጭራ ነው፣ መድኃኒቱ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ስለሆነ ቶሎ ሂዱ፣ ዓይን አካባቢ ከሆነ ደሞ ዛሬውኑ። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን የሚጠጣ ሰውም ገጥሞኛል። መጠኑ ለበሬ ነው፣ እናንተ በሬ አይደላችሁም።

አሁን ከላይ ወደተውኩት። ነጣ ያለ ወይ ቀላ ያለ ጠፍጣፋ ቦታ፣ የማያሳክክ፣ በጥጥ ጫፍ ሲነካ የማይሰማ ከሆነ ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ስሙ ሲጠራ ሰው ይርዳል፣ ግን ዛሬ በኪኒን የሚድን ነው፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፣ ቶሎ ከተጀመረ እጅም እግርም አይጎዳም። ፊት ላይ ወይ ክንድ ላይ ወጥቶ ለወራት አልድን ያለ፣ የማያምም ቁስልም እንደዛው፣ ቁንጭር ሊሆን ይችላል፣ ቅባት እየቀያየራችሁ ጊዜ አትፍጁ። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ላይ የወጣ ማንኛውም ሽፍታ፣ ትኩሳት ያለው ሽፍታ፣ ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ ያለ ቁስል፣ እነዚን መስኮት ላይ አልሸጥላቸውም፣ ብትቆጡኝም ጤና ጣቢያ ነው የምልካችሁ፣ እነሱ ካላወቁት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ይጽፉላችኋል።

ስትሄዱ እስካሁን የተቀባችሁትን ቱቦ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለቀውንም፣ ጎረቤት ያዋሰችውንም፣ ሽፍታው ገና ሲጀምር ፎቶ አንስታችሁ ከነበረ እሱንም አሳዩ። ጠዋት ስትወጡ ምንም አትቀቡ፣ ቅባት የጠጣ ቆዳ ተፍቆ አይመረመርም። እኔም ጋ ስትመጡ ስሙ የጠፋ፣ ቂጡ ተጣጥፎ በላስቲክ የታሰረ ቱቦ አውጥታችሁ "ይሄን ድገሚልኝ" ብቻ አትበሉኝ፣ እጅጌያችሁን ሰብስቡ።